ሞግዚት የነበሩበት ቤት

የምሠራው እዚህ ኖርዌይ ለኮሙኑ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ነው። ስቶቭነር በሚባል ሰፈር በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን እረዳለሁ፤ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን አያለሁ፣ ላበጠ እግር የሚታዘዘውን ጠባብ ካልሲ አጠልቃለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ጊዜ ከተረፈኝ ጨዋታ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ አይተርፈኝም። አንዲት ሴትዮ ቤት ግን ሁልጊዜ ይተርፈኝ ነበር፤ እንዲተርፈኝ አደርግ ነበር ብል ይሻላል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ባለ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ።

ኖርዌጅኛ አንቱታን ከተወ ቆይቷል። አለቃዬንም፣ ሐኪሙንም፣ እኚህን ሴትዮም ፊት ለፊት የማናግራቸው በአንድ ቃል ነው። በአማርኛ ስጽፋቸው ግን እጄ አንቺ ማለት እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያልኳቸውን ሁሉ በእርስዎ አድርጌ ነው እዚህ የማስቀምጠው።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ካልሲውን አጥልቄላቸው ስነሳ ታብሌታቸውን ዘረጉልኝ። የወንድማቸው ልጅ ገዝቶ የሰጣቸው ነው፤ ከአየር ትንበያ በቀር ሲያዩበት አይቼ አላውቅም።

“አንድ የቤት ስም ፈልጊልኝ” አሉ።

“የመንገድ ስም ማለትዎ ነው?”

“የቤት ስም። እንግሊዝ አገር ትልልቅ ቤቶች ቁጥር የላቸውም፣ ስም ነው ያላቸው።”

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ እኔም አንድ በአንድ ነካሁ። መጀመሪያ የወጣው የአንድ ግራጫ የድንጋይ ቤት ፎቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ሐረግ ተስቦበታል፣ ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫዎች ተደርድረዋል፣ ከፊቱ ያለው ሣር እየተዳፋ ሄዶ ኩሬ ጋ ይቆማል። ከሥሩ በትልቁ የሚሸጥ ይላል። ሴትዮዋ ታብሌቱን ተቀብለውኝ አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው አዩት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና፣ “ማስታወቂያውን አንብቢልኝ” አሉ።

እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ ብዬ አነበብኩ። የመጻሕፍት ክፍል፣ የፈረስ ጋጣ፣ በግንብ የታጠረ የፍራፍሬ ቦታ፣ ዘጠኝ መኝታ ቤት።

“ዘጠኝ?” አሉ።

“ዘጠኝ ነው የሚለው።”

“የእኛን አልቆጠሩም።”

“የእናንተን?”

“ጣሪያው ሥር ያሉትን። አራት ነበሩ። አንዱ ውስጥ እኔ እተኛ ነበር።”

የዚያን ቀን ሰዓቴ አልቆ ወጣሁ። ቀሪውን በሚቀጥሉት ቀናት በትንሽ በትንሹ ነገሩኝ። የተወለዱት በሰሜን ኖርዌይ፣ ዓሣ በሚጠመድባት አንዲት ደሴት ላይ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው እንግሊዝኛ ለመማር ብለው እንግሊዝ አገር ሄዱና በዚያ ቤት ለአንድ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ሞግዚት ሆነው ተቀጠሩ። ልጁ ለወላጆቹ አንድ ነው። አባትየው ለንደን ነው የሚውለው የሚያድረው፤ እናትየዋ ክፉ ሴት አልነበሩም፣ ግን ልጅ ማቀፍ የሚከብዳቸው ዓይነት ነበሩ። ስለዚህ ልጁን ያጠቡት፣ ያበሉት፣ ከእንቅልፉ ሲባንን ያባበሉት ሁለት ዓመት ሙሉ እኚህ ሴትዮ ናቸው።

“ከዚያስ?” አልኳቸው።

“ከዚያ እናቴ ታመመች የሚል ቴሌግራም መጣ። እመቤቲቱ፣ ልጁ ሳይነቃ በጠዋት ሂጂ አሉኝ። ካየሽ ያለቅሳል፣ ካላየሽ ይረሳል አሉ። ሻንጣዬን ይዤ በማድ ቤቱ በር ወጣሁ። ዞሬም አላየሁ።”

ካልሲውን ግማሽ ድረስ ስቤ እጄ ቆመ። ምን እንዳቆመው ለራሴም መናገር አልፈለግሁም። ጨረስኩና ጫማቸውን አቀረብኩላቸው።

በሳምንቱ፣ “ቤቱን ሳይሸጥ ማየት እፈልጋለሁ” አሉ።

“ቪዲዮም አለው” አልኳቸው።

“ቪዲዮውን አይደለም።”

ቤቱን ለማየት የሚፈልግ ሰው የሚሞላው ቅጽ ነበር። ስም፣ ስልክ፣ ከየት አገር። ከሥር ደግሞ ለመግዛት ፍላጎት አለዎት ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እኔ እዚያ ላይ ቆምኩ።

“ፍላጎት አለኝ በይ” አሉ።

“ውሸት አይሆንም?”

“ፍላጎት የለኝም እንዴ?”

ሞላሁት። በማግስቱ ደላላዋ በጣም ትሁት የሆነ መልስ ላከች፤ ለመስከረም መጨረሻ ዓርብ ጠዋት ቀጠሮ ሰጠችን። ሰጠችን የምለው በዚህ መካከል አብሬያቸው እንደምሄድ ተወስኖ ስለነበረ ነው። ማን እንደወሰነው አላስታውስም። የወንድማቸው ልጅ በርገን ከተማ ነው ያለው፣ ሥራ ይበዛበታል፤ እሳቸው ደግሞ ያለ ባለጎማ መደገፊያቸው አሥር እርምጃ አይሄዱም።

ለአለቃዬ ሳልነግራት መሄድ አልፈለግሁም። የምንረዳቸውን ሰዎች ከሥራ ውጭ ይዘን እንድንዞር አይፈቀድልንም፣ ሕጉን አውቀዋለሁ። ቢሮዋ ገብቼ እንዳለ ነገርኳት። ብዙ አሰበች።

“በእረፍትሽ ጊዜ ከጓደኛሽ ጋር ብትጓዢ ኮሙኑን አይመለከተውም” አለች። “ጓደኛሽ ናቸው አይደል?”

“አዎ፣ ጓደኛዬ ናቸው” አልኩ። ያንን ቃል ለእሳቸው ስጠቀም የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጄ ግን ቶሎ አልገባትም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ትሮስተሩድ ሰፈር አብራኝ ትኖራለች፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች ትጠብቃለች። “ማማ፣ የማትገዙትን ቤት ልታዩ ነው የምትሄዱት?” አለችኝ።

“ሴትዮዋ ድሮ ያሳደጉት ልጅ ቤት ነው።”

“ልጁ አለ?”

“እኔ እንጃ። ይኖራል።”

ትከሻዋን ነቀነቀችና የእንግሊዝን ዝናብ ይችላል ያለችውን ጃኬቷን አውሳኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐሙስ ዕለት በአውሮፕላን ለንደን ገባን፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በባቡር። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አድረን ዓርብ ጠዋት በታክሲ ወደ ቤቱ ሄድን። ሴትዮዋ ቀይ ሻርፕ አድርገዋል፤ ፀጉራቸውን ሆቴሉ ውስጥ እኔ ጠቅልዬላቸው ነበር። በግራና በቀኝ ዛፍ የተተከለበትን ረጅም መንገድ ይዘን ስንገባ እጄን ያዙኝ።

ቤቱ ከቅርብ ሲታይ ሌላ ነው። የመስኮቶቹ ቀለም ተልጦ እንጨቱ ይታያል፣ አሸንዳው ውስጥ ሣር በቅሏል፣ ፎቶው ላይ የተከረከመው ሜዳ ጉልበት ደርሷል። ስልኬ ጮኸ፤ ደላላዋ ጎማ ፈንድቶባት እንደምትዘገይና ይቅርታ እንደምትጠይቅ ጽፋለች። እኔ ዋናው በር ፊት ያለችውን የድንጋይ መቀመጫ ጠርጌ እስክትመጣ እንቀመጥ ስል ሴትዮዋ መደገፊያቸውን እየገፉ በቤቱ ጎን ዞረዋል።

“በሩ እኮ በዚህ ነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉና ቀጠሉ።

ተከተልኳቸው። ከኋላ አንዲት ዝቅ ያለች አረንጓዴ በር አለች። በጣታቸው መገጣጠሚያ ሦስቴ መቱ። ውስጥ ውሻ ጮኸ፤ ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ክርኑ የተቀደደ ወፍራም ሹራብ የለበሰ፣ አጭር ሽበታም ጢም ያለው ሰው ከፈተ። አትክልተኛው መስሎኝ ነበር።

“ከኖርዌይ የመጣችሁት ናችሁ?” አለ። “ሰው ሁሉ በፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ግቡ፣ ግቡ፣ ሙቀት ያለው እዚህ ብቻ ነው።”

ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሱም። ፊቱን፣ ግንባሩን፣ ትከሻውን፣ እንደገና ፊቱን ያዩታል። እኔ እንደምን አደሩ አልኩና ክንዳቸውን ደግፌ አስገባኋቸው።

ማድ ቤቱ ከእኔ መኖሪያ ቤት በሙሉ ይሰፋል። ግን ሰውየው የሚኖረው አንዷ ጥግ ላይ እንደሆነ ወዲያው ይታያል፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ አንድ ሬዲዮ። ድሮ የምግብ ዕቃ ማስቀመጫ ሳትሆን የማትቀር፣ ከጎን ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተነጠፈች አልጋ ትታያለች። ዘጠኝ መኝታ ቤት ያለው ሰው እዚያች ነው የሚተኛው። ውኃ እየጣደ ሳንጠይቀው ነገረን። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ልጁ አውስትራሊያ ነው፣ አንዷ ለንደን፤ ሁለቱም ቤቱን አይፈልጉትም። ጣሪያው ያፈሳል። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ይከፈታል።

“ሐቀኛ ልሁን” አለ፣ “ደላላዋ ብትኖር ይህን ባልነገርኳችሁ። ለማን ነው ቤቱ? ለቤተሰብ?”

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ተናገሩ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ እጅግ የተሻለ ነው፣ ትንሽ አሮጌ ዓይነት።

“ልገዛ አልመጣሁም። ይቅርታ አድርግልኝ። እዚህ ቤት እሠራ ነበር። የአንድ ትንሽ ልጅ ሞግዚት ነበርኩ።”

እኔ አፍሬ ጠረጴዛውን አየሁ። ሰውየው ግን የተቆጣ አልመሰለም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ።

“የየትኛው ልጅ?”

“እዚህ ቤት አንድ ልጅ ብቻ ነበር።”

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና በጣም በጥንቃቄ ያያቸው ጀመር፤ አንድ የጠፋበት ዕቃ ያለ ይመስል። ውሻው እግሩ ሥር ተኛ። ሴትዮዋ ሲጠብቁ ይታየኛል፤ እጃቸው ቀዩን ሻርፕ ጨብጧል።

“በጣም አዝናለሁ” አለ በመጨረሻ። “ስኮትላንዳዊቷን አስታውሳለሁ። በኋላ የመጣችውን፣ ቁጡዋን። ከእሷ በፊት ግን ምንም የለም። እመኑኝ፣ እየሞከርኩ ነው።”

“አትድከም” አሉት።

“ብዋሽዎት ደስ ባለኝ።”

“አትዋሸኝ።”

ሻዩን ቀዳልን። ዓርብ ስለነበር ወተቱን እጄን አንስቼ ተውኩ፤ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ጾም ነው አልኩት። ሃምና አይብ የገባበት ሳንድዊች አዘጋጅቶ ኖሮ ተጨነቀ። ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፋፍቶ ሲያበቃ በውጭ በር ወጣና ሹራቡን እንደ ሽርጥ ዘርግቶ ፖም ሞልቶ ተመለሰ። የራሱ ዛፍ ነው። እስካሁን ከበላሁት ፖም ሁሉ የሚጎመዝዘው እሱ ነው፤ ሁለት በላሁለት።

ሴትዮዋ ፖም ሲያጥብ በዓይናቸው ይከተሉት ነበር። ሲቀመጥ፣ “አገጭህ ሥር ጠባሳ አለህ” አሉት።

እጁ ጢሙ ውስጥ ገባ። “አለኝ። በሦስት ዓመቴ ከፈረስ ወድቄ ነው።”

“ከፈረስ አይደለም።”

“ነው እንጂ።”

“እዚያ ላይ ነው” አሉና ከማድ ቤቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚወርዱትን አራት የድንጋይ ደረጃዎች አሳዩት። “አንሶላ እየጨመቅሁ ነበር። ከኋላዬ ነህ ብዬ ነበር። ዞር ስል ወድቀሃል። ደሙ ልብስህን ሁሉ ነክሮታል። ወጥ ቤቷ እንዳልባረር አስባ ከፈረስ ላይ ነው የወደቀው በይ አለችኝ፤ ፈረስ ላይ ያወጣህ የነበረው የጋጣው ሰው ያን ሳምንት ሥራ ለቆ ሄዶ ስለነበር የሚጎዳ ሰው አልነበረም። እኔም አልኩ። እናትህ አመኑ።”

ሰውየው ደረጃዎቹን አየ። እየሳቀ መሆኑን ያወቅሁት ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው።

“ስልሳ ምናምን ዓመት” አለ፣ “ከፈረስ ወድቄ አላለቀስኩም እያልኩ ነው የኖርኩት። ሚስቴን መጀመሪያ ያስደመምኳት በዚያ ወሬ ነው።”

“አልቅሰሃል” አሉት። “በጣም።”

እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ቀለላቸው። የሄዱበትን ጠዋት ነገሩት፤ ቴሌግራሙን፣ እናቱ ያሉትን፣ ሻንጣውን።

“ፖስታ ካርድ ልኬልህ ነበር። ሦስት ጊዜ። መርከብ ያለበት።”

“አልደረሰኝም” አለ። ትንሽ አስቦ ጨመረበት። “ወይም አላሳዩኝም።”

“ያን ቀን ስትነሳ ምን እንዳልክ የነገረህ ሰው አለ?”

“የለም። ማንም አልነገረኝም።”

ድሮ ይተኙበት የነበረውን ክፍል ማየት ፈለጉ፤ ሦስት ፎቅ ደረጃ መውጣት ግን አይሞከርም። እኔ ከሰውየው ጋር ወጣሁ። ላይ ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ ባልዲዎች ተደርድረዋል፣ ሁለቱ ውስጥ ውኃ አለ። ክፍሏ አልጋ ሲገባባት በር ለመክፈት የምታስቸግር ዓይነት ናት። ከኮርኒሱ ጥግ የውኃ ምልክት ካርታ ሠርቶ ወርዷል። ከማዶ፣ ሦስት እርምጃ እንኳ የማይሞላ ርቀት ላይ፣ መስኮቷ ፍርግርግ የገባባት ሌላ ክፍል አለች።

“ይቺ የእኔ ነበረች” አለ ሰውየው። ሁለቱን በሮች ተራ በተራ አያቸው። “በጣም ቅርብ ናቸው አይደል?”

ፎቶ አንስቼ ወረድኩ። ሴትዮዋ ፎቶውን አዩና ስለ ክፍሉ ሳይሆን፣ “በመስኮቱ ምን ይታያል?” አሉኝ።

“ጭስ ማውጫና አንድ ትልቅ ዛፍ።”

“ዛፉ አለ?”

“አለ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደላላዋ የደረሰችው ልንነሳ ስንል ነው። ወጣት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እኔን ቀጥ ብላ አየችና እጅ ዘረጋችልኝ፤ ገዢዋ እኔ እንደሆንኩ ደምድማለች። “እንዴት አገኙት?” አለችኝ። ከሰው ጠረጴዛ ሻይ ጠጥቼ፣ ባለቤቱ እያየኝ፣ ምን ልበላት? መስኮቱ ብዙ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፤ ኖርዌይ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዬ መሀል ከተማ የቢሮ መስኮት ማጽዳት ነበር፣ አንድ ሕንፃ ሳይ እስከ ዛሬ መስኮት እቆጥራለሁ። ሰውየው በእጁ አፉን ሸፈነ። ከዚያ እሱ ራሱ፣ እነዚህ እንግዶቼ ናቸው ብሎ አስረዳትና እስከ ታክሲው ሸኘን። ፖሙን በላስቲክ አድርጎ ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ሴትዮዋን ጎንበስ ብሎ ጉንጫቸውን ሳማቸው። አንድ እጃቸውን አንስተው ጢሙ ውስጥ፣ ጠባሳው ላይ ትንሽ አቆዩት። እኔ የታክሲውን በር ዘጋሁ።

ባቡሩ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። እርሻው፣ በጎቹ፣ የሰው ጓሮ በመስኮቱ ያልፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ “ረስቶኛል” አሉ።

ላጽናናቸው አፌን ከፈትኩ። “በአራት ዓመት ልጅነት የሆነ ነገር እኮ...”

“ጥሩ ነው” አሉ። “አልገባሽም። ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ልጅ የእኔን በር እያንኳኳ ሲጣራ ነው የሚታየኝ። ባል አግብቼ፣ መርከብ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ እሱ አሁንም እዚያ በር ላይ ቆሟል። ለካ አልቆመም። ቢቆምም እስከ ምሳ ረስቶታል። እዚያ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።”

ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና፣ “አንቺ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?” አሉ።

ነገርኳቸው። ለማንም በዚህ አገር ነግሬ የማላውቀውን ነው የነገርኳቸው። ደሴ ከተማ ላይ ልጄን ለእህቴ ትቼ ስወጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። ገበያ ደርሼ ከረሜላ ይዤልሽ እመጣለሁ ብያት ነው የወጣሁት። ወረቀቴ አልቆ፣ እሷን ማስመጣት ተፈቅዶልኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላት ሰባት ሞልቷት ነበር። እኔ ተንበርክኬ እጄን ስዘረጋ እሷ እንደ ትልቅ ሰው ቀኝ እጇን ሰጥታ ጨበጠችኝ። ከዚያ ወዲህ አድጋለች፣ ተምራለች፣ እንስቃለን፣ እንጣላለን። ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም።

“ጠይቀሻት አታውቂም?”

“አላውቅም” አልኩ።

ላስቲኩን ከፍተው አንድ ፖም አወጡና በሻርፓቸው ወለወሉት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማስታወቂያው ከታብሌቱ ጠፋ። ኅዳር ላይ ከእንግሊዝ ወፍራም ፖስታ መጣላቸው። አብረን ከፈትነው። ሰውየው ቤቱን አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ እንደገዛው፣ እሱ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ አንድ ትንሽ ቤት እንደገባ፣ ማሞቂያው ክፍሉን ሁሉ እንደሚያሞቅ ጽፏል። ዕቃ ሲጭን ያገኘውን ፎቶም ልኳል። አንድ ትንሽ ልጅ ኮፍያ አድርጎ ኩሬው አጠገብ ቆሟል፤ ከፎቶው ጠርዝ የገባ የሴት እጅ እጁን ይዞታል፤ ከእጁ በቀር ሴትየዋ አትታይም። የእርስዎ እጅ ይመስለኛል ይላል ደብዳቤው።

ሴትዮዋ አጉሊ መነጽራቸውን አስመጡኝና ብዙ አዩት።

“የእኔ አይደለም” አሉ። “ሰዓት አስራለች። እኔ ያኔ ሰዓት አልነበረኝም። ስኮትላንዳዊቷ ናት።”

“ታዲያ ምን ብለን እንመልስለት?”

“አመሰግናለሁ በይው። ሚስማር አለሽ?”

ፎቶውን ከባላቸው ፎቶ ጎን ሰቀልነው። ወንበራቸው ላይ ሆነው ቀና መሆኑን በጣታቸው እያሳዩኝ፣ “ልጅሽን ጠየቅሻት?” አሉኝ።

“ገና ነኝ።”

“እኔም ስለ ልጁ የማልጠይቅበት ምክንያት አጥቼ አላውቅም ነበር” አሉ። ቀጥለውም ፎቶው ወደ ግራ ዘምሟል አሉኝ።

በዚያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ከልጄ ጋር የክረምት ልብስ ሳጥኑን አውጥተን ሳሎን ወለል ላይ ዘረገፍነው። የሚጣለውን ከሚለበሰው እየለየን ነው። ዓይኔን ከልብሱ ላይ ሳላነሳ ጠየቅኋት።

“የሄድኩበትን ቀን ታስታውሺያለሽ?”

የትኛውን ቀን አላለችም። “አይ” አለች። “እሱን አላስታውስም። የማስታውሰው የመጣሁበትን ነው።”

“እጅ የሰጠሽኝን?”

“አንቺ እኮ አልመሰልሽኝም። አክስቴ ጋ የነበረው ፎቶ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀጭን ናት፣ ነጠላ ለብሳለች። አንቺ እንደ ትራስ ያበጠ ጃኬት ለብሰሽ፣ ፊትሽ በኮፍያ ተሸፍኖ። ወደ እናቴ ልትወስጂኝ የተላክሽ ሴትዮ ነሽ ብዬ ነው ሰላም ያልኩሽ።”

ልብሱን አስቀመጥኩ። “እና እቤት ስንገባስ?”

“ጠበቅሁ። ነገ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ትመጣለች እያልኩ። አንቺ ጥሩ ሴትዮ ነበርሽ፣ ሁሉን ነገር እሺ ትይኛለሽ፣ ምንም ባደርግ አትቆጪም። እናቴ ስትመጣ ስለ አንቺ ጥሩ እነግራታለሁ እል ነበር።”

“እስከ መቼ?”

ሳቅ አለች። “ጓንቴን እስክጥል። ታስታውሺያለሽ? ትምህርት ቤት ሦስተኛውን ጓንት ጥዬ ስመጣ። ከምድር ባቡር ጣቢያው እስከ በራችን ድረስ ሰው ሁሉ እያየን ጮኽሽብኝ። እጅሽ ይቆረጣል፣ ይኼ ደሴ አይደለም፣ ሕፃን ነሽ ወይ አልሽኝ። ያኔ ነው ያወቅሁት። እንግዳ ሰው እንደዚያ አይቆጣም።”

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። በረዶው ላይ ቆማ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲደርቅ አይቼ ራሴን ጠልቼ ነበር። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ተናግሬዋለሁ፤ ከስንት ዓመት ናፍቆት በኋላ ያገኘኋትን ልጅ በጓንት አስለቀስኳት ብዬ።

እጇን ያዝኩት፣ እሷም ተወችልኝ። በሌላው እጇ ሹራብ ይዛለች፣ አልለቀቀችውም።

“ለምን እስካሁን አልጠየቅሽኝም?” አለች።

“ፈርቼ ነው።”

“ምን እንዳልልሽ?”

“እኔ እንጃ። ሁሉንም።”

እጇን አስለቅቃ ሹራቡን ለካችው፣ ጠቧታል፣ ከሚጣለው ላይ ወረወረችው። እግሯን አጣጥፋ ተመቻችታ ተቀመጠችና ስለ ደሴ ማውራት ጀመረች። ስለ እህቴ ግቢ ዶሮዎች፣ አብራት ትተኛ ስለነበረችው የአክስቷ ልጅ፣ ፈሪ ስለነበረው ዘበኛ፣ ጥርሷ የተነቀለ ቀን ማን ጣሪያ ላይ እንደወረወረላት። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ እሰማለሁ፤ አንዳንዱን እየደገምኩ አስነግራታለሁ። አንድም ቀን አብሬያት ያልነበርኩበትን አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ አፍ ሰማሁት።